«ለኢሚውኒቲ» የተባለው የዓሣ ዘይት፣ ከሁለት ወር በኋላ

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ከሻንጣዋ ከወጡት ብልቃጦች አንዱ ለእኔ ደረሰኝ። የዓሣ ዘይት፣ 200 ፍሬ፣ ላዩ ላይ «ለኢሚውኒቲ» (ለሰውነት በሽታ መከላከያ) የሚል። የድርጅቱን ስም ልተወው፤ እንዲህ የሚጽፈው እሱ ብቻ አይደለም። በቀን ሁለት ሁለት እያልኩ ሁለት ወር ወሰድኩት።

ፊቱ ላይ በትልቁ 1000 ሚሊ ግራም ይላል። ጀርባውን ሳዞረው ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120። የሚፈለጉት እነዚህ ሁለቱ የኦሜጋ 3 ስቦች ናቸው፣ ሌላው ተራ ስብ ነው። 1000 ብለው 300 መሸጥ!

ግን የበለጠ ያናደደኝ «ለኢሚውኒቲ» የሚለው ነው። እናቴ አይታው «ጉንፋን ይከላከላል ማለት ነው?» አለችኝ። አይ እማዬ፣ እንዲያውም ተቃራኒው ይቀርበዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታ የሚከላከለው የነጭ የደም ሴል ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው፣ የምንበላው የስብ ዓይነት ደግሞ ቀስ እያለ እዚያ ይገባል። በተለምዶ እዚያ ሰፊ ቦታ ከሚይዙት አንዱ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው። ሴሉ ሲቆጣ ከእሱ ሉኮትራይን ቢ4 ይሠራል። ይሄ እንደ እድር ጥሩምባ ነው፣ ሲነፋ ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ግልብጥ ብለው ይመጣሉ። የዓሣ ዘይት ሲወሰድ ኢፒኤ የአራኪዶኒክን ቦታ በከፊል ይይዛል፣ ከእሱ የሚሠራው ጥሩምባ ደግሞ ድምፁ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ብግነቱ (ሴሎቹ ሲቆጡ የሚመጣው እብጠትና ሕመም) ይበርዳል። ማብረድ እንጂ መገንባት አይደለም።

በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ጤነኛ ሰዎች በቀን 18 ግራም የዓሣ ዘይት ለ6 ሳምንት ወስደው፣ ነጭ ሴሎቻቸው የሚያመነጩት ኢንተርሉኪን 1 እና ቲኤንኤፍ (ብግነት የሚቀሰቅሱ መልእክተኞች) ቀነሰ፣ ካቆሙ ከ20 ሳምንት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። 18 ግራም ማለት የእኔ ብልቃጥ 18 ፍሬ ነው። በቀን! እኔ በሁለት ፍሬ ምን እንደጠበቅኩ እንጃ።

የሚጠቅመውስ ማንን ነው? የገዛ መከላከያው መገጣጠሚያውን የሚያጠቃውን ሰው፣ ማለትም እንደ አክስቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበትን። ሕመሙንና የጠዋቱን መተሳሰር በመጠኑ ያቀልላል፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ለዚያም በቀን ወደ 3 ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ያስፈልጋል፣ ለወራት። በዚህ ብልቃጥ 10 ፍሬ መሆኑ ነው። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

ሌላው ግሳቱ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ወስጄ ስብሰባ ገባሁ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም። ከምሳ ጋር ሲሆን ይሻላል። ጾም ለሚይዝም ልንገረው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ትተን፣ የዚህኛው ልባስ ከከብት የተሠራ ጄላቲን ነው፣ በደቃቁ ተጽፏል። «ተልባ አለልኝ» የምትሉም አላችሁ። ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ትንሹን ብቻ ነው።

ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ። ሽታው የከረመ ዘይት አይደለም፣ ፍሬውም ለመዋጥ አያስቸግርም፣ ሁለቱ ለዚያ ነው። 80 ፍሬ ቀርቶኛል። ለአክስቴ ልስጣት ብዬ ሳሰላው 8 ቀን ነው የሚያደርሳት፣ ስለዚህ ለእህቴ ደውዬ በሚቀጥለው የምታመጪው ጀርባው ላይ ኢፒኤው ከፍ ያለውን ይሁን አልኳት።