ዲዮሬ 11-51፦ ለሱሉልታ ዳገትና ለኮረኮንች

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሳይክል የወጣ ያውቀዋል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጓዝ ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። ለዚህ መንገድ ዲዮሬ የሚባለውን የሺማኖ ኩባንያ የተራራ ሳይክል ማርሽ፣ ባለ 11ዱን ገጠምኩ፤ ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ብቻ፣ ከኋላ ትንሹ 11፣ ትልቁ 51 ጥርስ ያለው። በጣም ወድጄዋለሁ! 51ዱ ላይ ሲገባ ፔዳሉ አንዴ ዞሮ ጎማው ሁለት ሦስተኛ ዙር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ሲኖትራኩ ከኋላ ጥሩምባውን ቢያስጮህም ከኮርቻ ሳትነሱ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ኮረኮንቹ ላይ ካቴናው አይዘልም፤ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ክላች ስላለው ወጥሮ ይይዘዋል።

ቅር የሚለኝ አስፋልቱ ላይ ነው። ወደ ጫንጮ ሜዳው ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ከ15 ጥርስ ቀጥታ 18 ነው፤ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል፣ መሀሉ የለም። መሪያችሁ እንደ ውድድር ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ የሺማኖ ባለ 11 የአስፋልት ማርሽ መቀየሪያ ገመድ የሚስብበት ልክ ስለሚለይ ከዚህ ጋር አይሠራም። ካቴናም አዲስና ረጅም ግዙ። በአጭር ካቴና 51 ውስጥ ካስገባችሁት ማርሽ ቀያሪው ሊሰበር ይችላል።