ፊሽካ ሳይነፋ የማይዘጋ ዲኤስቲቪ ቤት

ቤቱ ስም የለውም። ቆርቆሮ በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ዲኤስቲቪ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ደብረ ብርሃን፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አይርቅም። መግቢያው 20 ብር ነው፤ ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 30 ይገባል።

ድሮ የማዘወትረው ሌላ ቤት ነበር። እዚያ 90 ደቂቃው ሲሞላ ልጁ ሪሞት ያነሳል። ሰዉን አስወጥቶ ለቀጣዩ ጨዋታ እንደገና ለማስከፈል ነው ችኮላው። አንድ ቀን የባከነ ሰዓት 5 ደቂቃ ተጨምሮ እያለ አጠፋብን። ጎል መግባቱን የሰማነው ከጎረቤት ጩኸት ነው። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።

እዚህ ግን ተጫዋቾቹ ማሊያ እስኪቀያየሩ ድረስ ቴሌቪዥኑን ማንም አይነካም። ምክንያቱ የገባኝ ባለፈው እሑድ ነው። ጨዋታው ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው ባለቤቱ ፍላሽ ሰካና «ቆዩማ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለ። የአሜሪካ ፉትቦል ሆኖ ተገኘ፣ ያ ሞላላ ኳስ። ግማሹ ሰው አጉረመረመ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1982 በርክሌይ ላይ የተደረገ ነው፤ ካል (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ከስታንፎርድ፣ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች። ለስታንፎርድ ጆን ኤልዌይ አለ፣ ኋላ ከዴንቨር ጋር ሁለት ጊዜ ሱፐር ቦውል፣ የዚህን ጨዋታ ትልቁን ዋንጫ፣ የወሰደው። ስታንፎርድ በእግር በተመታች ኳስ 3 ነጥብ አግኝቶ 20 ለ 19 መራ። የቀረው 4 ሴኮንድ ነው። ኳሷን መትተው ለካል ሰደዱ። የካል ልጆች ደግሞ መቀባበል ጀመሩ። በዚህ ጨዋታ ወደ ኋላ እስከሆነ ድረስ ያሻህን ያህል መወርወር ትችላለህ። አንዱ ሊያዝ ሲል ለሌላው፣ ያኛው ሊያዝ ሲል ለሌላው፣ አምስት ጊዜ። መሃል ላይ አንዱ የወደቀ መሰለ። የስታንፎርድ ማርሽ ባንድ አለቀ ብሎ ከነመሣሪያው ሜዳ ገባ።

አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አባት ነበሩ። «ወይ ጉድ! እነዚህ ምን ፍለጋ ገቡ?» አሉ።

«ያለቀ መስሏቸው ነው አባባ።»

«ፊሽካ ሳይነፋ?» አሉኝ፣ እኔ ያስገባኋቸው ይመስል።

መጀመሪያ ኳሷን የያዘው ኬቨን ሞን በመጨረሻም እሱው ተቀበላት። በጥሩምባና በከበሮው መሃል ሰንጥቆ ሄደና መስመሩን አልፎ ትሮምቦን የያዘውን ልጅ ዘረጋው። ኳስ ይዞ መስመሩን ማለፍ 6 ነጥብ ነው፤ 25 ለ 20።

ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ሦስት ጊዜ አስደገምን። ከዚያ ክርክር ተነሳ፤ ኳሷን ሦስተኛ የያዘው ልጅ ጉልበቱ መሬት ነክቷል ወይስ አልነካም? ያኔ ዳኛ ቪዲዮ አያይም። አሜሪካኖቹም በዚሁ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። እኔ ነክቷል ባይ ነኝ። አባባ ግን «ዳኛው ነካ ካላለ አልነካም» ብለው ዘጉት።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ግን በግራ በኩል ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም። ከበሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሰፍራል፤ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበታል፣ እኔ እወደዋለሁ። የገብስ ቆሎው ትኩስ ነው፣ ስኒው ግን ትንሽ ነው። ሽንት ቤት የለም፣ ይሄ አሳፋሪ ነው። ጀነሬተርም የለም። መብራት ከሄደ ገንዘብ ይመልሳል፣ ግማሹን።

ያን ዕለት ማታ 89ኛው ደቂቃ ላይ ሦስት ልጆች ጃኬታቸውን እየቆለፉ ወደ በሩ አመሩ። ባለቤቱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «እናንተ ትሮምቦኖች፣ ተቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ።