ማስጠንቀቂያ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አሮጌ ፒያኖ ላላችሁ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የደረሰብኝን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ቦርሳውን አንግቶ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት» እያለ በየሆቴሉና በየቤቱ ፒያኖ የሚያጠያይቀውን ባለሙያ ነኝ ባይ ታውቁታላችሁ፤ ቀብድ በቅድሚያ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ «በቴሌግራም እልካለሁ» ይላል።

የእኔው ፒያኖ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ዓይነት ነው። መሃል ላይ ሶል ለምትባለው ድምፅ ከተወጠሩት ሦስት ክሮች ሁለቱ ተጠጋግተው ሦስተኛው ራቅ ብሎ ይታያል፤ ድምፁ ግን እንከን አልነበረውም። ላስተካክለው ወይስ ልተወው እያልኩ ስመላለስ ከርሜ፣ ለመቃኘት ብቻ ለመጣው ሰው ክፍተቱን ጣቴን ቀስሬ ያሳየሁት እኔው ነኝ። እርሱም ፊቱን አጨፍግጎ «ይሄ ካልተስተካከለ ቅኝት አይይዝም» አለና በ12,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹን እዚያው ቆጠርኩለት።

ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው የመቃኛውን ችንካር ሩብ ዙር እንኳ ሳያላላ ጠፍጣፋ ካቻቢቴውን በክሮቹ መካከል ሰክቶ በትንሽ መዶሻ ወደ ጎን ይመታ ጀመር። በአንድ ፒያኖ ላይ የተወጠሩት ከ200 በላይ ክሮች ባንድነት የሚስቡት ኃይል ከ15 ቶን እንደሚበልጥ አንብቤ የማውቅ ሰው፣ ይህን ቆሜ ማየቴ ነው ዛሬም የሚያበግነኝ። «አይበጠስም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «አብሽሩ ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ምት ተበጠሰ። ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ እርሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ሁለት ክር ሄዷል፤ አንዱ 2,500 ብር ነው» አለ። እውነትም ሁለቱ ክሮች ረግበው ተንጠልጥለዋል፤ ከፈልኩ።

ማታ በስልኬ መብራት ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሽቦ ከላይ ወርዶ ታች ባለው ችንካር ዞሮ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሽቦ ሁለት ክር ሆኖ ይቆጠራል እንጂ የተበጠሰውም የተተካውም አንድ ሽቦ ብቻ ነው። እኔ ግን የሁለት ዋጋ ከፍያለሁ። ከመውጣቱ በፊት ድምፁ ለምን በአፍንጫ እንደሚወጣ ሆነ ብዬ ስጠይቀው ደግሞ «ጋሼ፣ እርስዎ ኪቦርድ ቢገዙ ነው የሚሻልዎ» ብሎኝ፣ በረካውን ጨርሶ፣ ባለቤቴንም መርቆ ወጣ። ቡናውን እስከ በረካ ማስጠጣታችን ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበግበኛል።

የድምፁን ምክንያት እኔው ደረስኩበት። ቁልፉ ሲጫን ክሮቹን የሚመታው፣ ሱፍ የለበሰው የፒያኖው መዶሻ ለዘመናት ሲመታቸው ክሮቹ ሱፉ ላይ ሦስት ቦይ ቀርጸውበታል፤ በተገፉ ጊዜ ከቦያቸው ውጭ ስለዋሉ መዶሻው አንዱን በደንብ፣ ሌላውን በጨረፍታ ይመታል። ይባስ ብሎ የክሮቹን ቦታ በታች በኩል የሚወስኑት ድልድዩ፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት፣ ላይ ያሉት ችንካሮች ናቸው፤ እነርሱ ስላልተነኩ ከገፋቸው ክሮች አንዱ ዛሬ ጠዋት ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስ ምንም አልቀረውም። አዲሱ ሽቦም ስለሚለጠጥ ሶል ወርዳ አደረች። ልጆቼ የባቲን ቅኝት ከዶ ጀምረው ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካሉ በኋላ ሶል ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። የሰውየው ስልክም ከትናንት ማታ ጀምሮ አይነሳም።

ክፍተቱ ለዓይን ብቻ ከሆነ አትንኩት። ለማወቅ የቀኙን ፔዳል ረግጦ ይዞ፣ የፒያኖውን መዶሻ በጣት ቀስ አድርጎ ክሮቹ ላይ ማስደገፍና ክሮቹን አንድ በአንድ መንካት ይበቃል፤ ሳይታፈን የሚጮህ ካለ መዶሻው እርሱን አያገኘውም ማለት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ብሩ ከወጣ በኋላ ነው።

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ከእኔ ቤት ሲወጣ በማግስቱ እናንተ ዘንድ የሆቴል ፒያኖ እንደሚጠብቀው ነግሮኛል።