«ለጀርባ እጅግ ምቹ» ተብሎ የተሸጠልኝ ፓራሹት

አሜሪካ ውስጥ የአየር ላይ አክሮባት የምትበሩ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ወገኖቼ፣ ያገለገለ የአደጋ ጊዜ ፓራሹት ልትገዙ ከሆነ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ማን ይናገር የነበረ ነውና፣ እኔ 900 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሱፐር ዴካትሎን የተባለ የአክሮባት አውሮፕላን ተከራይቼ እበራለሁ። የአከራዩ ፓራሹቶች የስንቱን ሰው ላብ እንደጠጡ ስለማውቅ የራሴ እንዲኖረኝ ተመኘሁ። የአዲሱ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ከዚያ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፦ «ጥቂት ያገለገለ፣ በቅርቡ የታጠፈ፣ ለጀርባ እጅግ ምቹ።» ፎቶው ላይ በጀርባው በኩል ወፍራም ሰማያዊ ትራስ ተሰፍቶለታል። ያታለለኝ ያ ትራስ ነው። በሉፕ (በአየር ላይ ወደ ላይ ዞሮ ቀለበት መሥራት) እና በሽክርክሪት መካከል ወገቡን ይዞ ያቃሰተ ሰው ይፈርድልኛል።

ዕቃው እንደደረሰ ለብሼው መሬት ላይ በቆመው አውሮፕላን ውስጥ ተቀመጥኩ። በእርግጥ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ትራሱ ወደ ፊት ስለገፋኝ ስቲኩን (አውሮፕላኑን የምንመራበትን ዘንግ) ወደ ኋላ ስስበው ገና መጨረሻው ሳይደርስ ሆዴን ነካ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ለማድረግ የሚያስፈልገኝን የስቲክ ጉዞ በትራስ ለውጬዋለሁ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፓራሹቱን የሚከፍተው እጀታ የሚገኘው በደረት ግራ በኩል ሲሆን፣ የወንበሩ የትከሻ ቀበቶ በቀጥታ እላዩ ላይ አረፈ። በአደጋ ጊዜ በሩን ጥሎ፣ የወንበሩን ቀበቶ ፈትቶ ለመውጣት የሚታገል ሰው ቀበቶው እጀታውን ቢይዝበት ፓራሹቱ እዚያው ውስጥ ይፈታል። ጨርቁ ከአውሮፕላኑ ጋር ከተጠላለፈ በኋላ መዳን ለተአምር የተተወ ነው።

አስተማሪዬ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የጭን ማሰሪያዎቼን እስከ ጥግ ስበው መዳፋቸውን በሙሉ አስገቡበትና «ይህ የተሰፋው ላንተ አይደለም» አሉኝ። የዚያን ቀን በአከራዩ ፓራሹት በረርን። ተገልብጠን ስንበር ሰውነቴ ከወንበሩ ተነስቶ በቀበቶ ሲንጠለጠል ነገሩ ገባኝ። የላላ ማንገቻ (ፓራሹቱን ከሰውነት ጋር የሚያስረው ቀበቶ) በዚያች ሰዓት ወደ አንገት ይወጣል፤ የደረቱ ማሰሪያም ጉሮሮ ሥር ይገባል። ፓራሹት ሲከፈት ደግሞ ሰው ከላላ ማንገቻ ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። ልክ የሆነ ማንገቻ ቆመው ሲሄዱበት ያጎብጣል፣ ያናድዳል፤ ሲቀመጡበት ግን ቦታውን ያገኛል። በመደብር መስታወት ፊት ቆመው «ተመቸኝ» ማለት ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ፓራሹቱን፣ ቀጥሎ የዳሌውን ቀበቶ ዝቅ አድርጎ፣ መጨረሻ የትከሻውን ማጥበቅ ነው። የተጠማዘዘ የጭን ማሰሪያ ላይ አትቀመጡ። ቁልፍና የኪስ ቦርሳም አውጡ፤ እኔ አንድ ጊዜ በመኪና ቁልፍ ምክንያት ለሳምንት አነከስኩ።

ዋናውን ጉድ ያየሁት ሪገር ዘንድ ስወስደው ነው። ሪገር ማለት ፓራሹት የሚመረምርና የሚያጥፍ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። መያዣው ላይ በክር የታሰረ፣ የአጣፊው ምልክት የተመታበት ትንሽ የእርሳስ ማኅተም መኖር አለበት። የእኔ ማኅተም የለውም። የታጠፈበት ቀን በሚጻፍበት ካርድ ላይ ያለው ቀን አዲስ ቢሆንም ማኅተም ከሌለ ማን እንደከፈተውና ምን እንደነካ አይታወቅም። ሲከፈት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 የተሠራ ሆኖ ተገኘ። በ1980ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከተሠሩት ክብ ፓራሹቶች አንዳንዶቹ ላይ ያለው መረብ አሲድነት ስለነበረው የነካውን ናይሎን እየበላ አድክሞታል። ሁሉም አይደሉም፤ የእኔ ግን ከዕድለ ቢሶቹ ነበር። ሪገሩ ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለውን መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ሲያደርግበት ቢጫ ሆነ፤ አሲድ አለ ማለት ነው። ከዚያ ጨርቁን በመቆንጠጫ ይዞ ሳበው፤ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተረተረ።

ሻጩን ስደውልለት «ብቻህን ስትበር ፓራሹት ግዴታ አይደለም፣ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ የበረራ ደንብ 91.307 ፓራሹት ልበሱ የሚለው ሌላ ሰው አሳፍረን ከ60 ዲግሪ በላይ ስናጋድል፣ ወይም አፍንጫውን ከ30 ዲግሪ በላይ ስናነሳና ስንደፋ ነው፤ ለሥልጠና የተተዉ ጉዳዮችም አሉ። ሆኖም ያው ደንብ ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የሚያዝ ፓራሹት ሁሉ ተቀባይነት ያገኘ ዓይነት እንዲሆን፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነም ባለፉት 180 ቀናት ውስጥ ብቃት ባለው ሪገር የታጠፈ እንዲሆን ያዝዛል። ብቻውን ለሚበር ሰው ብሎ አላላላውም። ትራሱም ቢሆን የአምራቹ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ ማንም መርፌ የያዘ ሰው ሊሠራው አይችልም።

ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ዕቃው በቀጥታ እናንተ ወደ መረጣችሁት ሪገር ይላክ፤ ክፍያው ከምርመራው በኋላ ይሁን። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ስልኩን ዝጉት። የተሠራበትን ዓመት፣ የሚሸከመውን ከፍተኛ ክብደትና ፍጥነት ከመለያው ላይ በፎቶ ጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች የአገልግሎት ዘመን ስለሚወስኑ ለአምራቹም ደውሉ። ከዚያ በምትበሩበት አውሮፕላን ውስጥ፣ ቀበቶው ሁሉ ታስሮ፣ ስቲኩን በየአቅጣጫው እስከ ጥግ ውሰዱት፤ እጀታውን በዓይናችሁ እዩት፣ በእጃችሁም ድረሱበት።

900 ዶላሬ አልተመለሰም። ሻጩ ባለፈው ሳምንት ያው ሰማያዊ ትራስ የተሰፋበት ሌላ ፓራሹት ለሽያጭ አውጥቷል። ዋጋው 850 ነው።