በዴልፊ ላስጎበኙን ባለሙያ ምስጋና፣ ወደ ግሪክ ለምትሄዱም ጥቆማ

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ከእናቴ ጋር በግሪክ አገር የሚገኘውን የዴልፊን ጥንታዊ የአምልኮ ስፍራ በጎበኘንበት ጊዜ ለመሩን አስጎብኚ ያለኝን ልባዊ ምስጋና በዚህ ጽሑፍ ማቅረብ እወዳለሁ። እኚህ ሴት ከግሪክ ቱሪዝም ሚኒስቴር የሥራ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያ ናቸው። የአገራቸውን ታሪክ ጠንቅቀው ከማወቃቸው በላይ እንግዳቸው ነገሩ ሳይገባው አንድ እርምጃ ወደፊት አይሉም።

ዴልፊ ከአቴንስ በስተሰሜን ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፓርናሶስ ተራራ ገደላማ ወገብ ላይ ይገኛል። የጥንት ግሪኮች የምድር እምብርት ነው ብለው ያመኑበት ይህ ስፍራ፣ ከተሞችና ነገሥታት ጦርነት ከመክፈታቸው ወይም በባሕር ማዶ አዲስ ከተማ ከመቆርቆራቸው በፊት ፒቲያ በምትባለው ካህን አንደበት የአምላካቸውን የአፖሎን ቃል ለመስማት መልእክተኞቻቸውን የሚልኩበት ነበር። ዛሬ የሚታየው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ሲሆን፣ ከመሠረቱና መልሰው ከቆሙ ጥቂት አምዶች በቀር የቀረው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያስረዳ ሰው የሌለው ጎብኚ የድንጋይ ክምር ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትናገርም። አስጎብኚያችን ይህን እንዳወቁ ጥቂት ተናግረው እኔ ለእናቴ እስክተረጉምላት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁ፣ ጥያቄ እንዳላት ይጠይቁና መልሱን ለእርሷ ይሰጡ ነበር። መንገዱ ዳገት በመሆኑም ጥላ ባለበት ሁሉ እያሳረፉ አወጡን።

ከሁሉ አብልጦ ልቤን የነካው ከቤተ መቅደሱ በታች ያለውን ደልዳላ ደግፎ በያዘው ግንብ ፊት የሰጡን ማብራሪያ ነው። በዚህ ግንብ ድንጋዮች ላይ፣ ከሩቅ ለሚያይ በማይለይ ደቃቅ ፊደል፣ አርነት የወጡ ባሪያዎች ውል በብዛት ተቀርጿል። ባሪያው በራሱ ስም መዋዋል ስለማይችል የቤዛውን ገንዘብ ለአፖሎ አደራ ይሰጣል፤ አፖሎም በጽሑፉ ላይ እንደ ገዢ ሆኖ ይገባና ሰውየው ነጻ ይወጣል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 የብር ምናን (የጥንት ግሪኮች የገንዘብ መለኪያ) ሲሆን፣ የዋሱና የምስክሮቹ ስም አብሮ ይጻፋል። እናቴ «አምላክ ሰው ገዝቶ ምን ያደርገዋል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ባለሙያዋ ውሉ በአምላኩ ስም በአደባባይ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የቀድሞው ጌታ ኋላ እንዳይክድ መሆኑን አስረዷት። ቀጥለውም ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ነጻ ወጥተው ሳለ ጌታቸው ወይም እመቤታቸው እስኪሞቱ ድረስ አብረው እየኖሩ እንዲያገለግሉ በውሉ ይገደዱ እንደነበር አልሸሸጉንም። ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ተይዞ በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ላሉን ለእኛ ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አልነበረም፤ እናቴም ከግንቡ ፊት ቶሎ መሄድ አልፈለገችም፣ አስጎብኚያችንም አላቻኮሏትም።

በሙዚየሙ ውስጥ በ1896 እ.ኤ.አ. በቁፋሮ የተገኘውን፣ ዓይኖቹ እስከ ዛሬ ሕያው የሚመስሉትን የነሐስ ሠረገላ ነጂ አሳይተውናል። ከዚያ በኋላ የሲፍኖስ ደሴት ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ገደማ በዴልፊ ላሠሩት ግምጃ ቤት የተቀረጸውን የእብነ በረድ ምስል ፊት አቆሙን። በምሥራቁ በኩል ከግሪኮች ጀግና ከአኪሌስ ጋር የሚዋጋው ጀግና ሜምኖን ነው፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሆኖ በግሪኮች የተከበበችውን የትሮይን ከተማ ለመርዳት የዘመተው። እንግዶቻቸው ኢትዮጵያውያን መሆናችንን እያወቁ እንኳ ሊያስደስቱን ብለው አላጋነኑም፤ ግሪኮቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንደነበር በግልጽ ነገሩን። ይህ ሐቀኝነታቸው አክብሮቴን ጨምሮታል።

ስለዚህ ወደ ግሪክ የምትሄዱ፣ በተለይም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ወገኖች፣ እኚህን ባለሙያ ያለ ሥጋት እንድትይዙ እመክራለሁ። ማልዳችሁ ጀምሩ፤ የማያንሸራትት ጫማና በቂ ውኃ ያዙ፤ ሙዚየሙን ሳታዩ አትመለሱ፤ ጊዜ ከተረፋችሁም ከመንገዱ በታች ወደሚገኘው፣ አቴና የተባለችው የግሪኮች አምላክ ትመለክበት ወደነበረው ስፍራ ወርዳችሁ ክቡን ሕንጻ ተመልከቱ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በግል መልእክት ለምትጠይቁኝ ግን በፈቃዳቸው እሰጣለሁ። እናቴም ምስጋናዋን በስሟ እንዳደርስላት አዝዛኛለች።