ድብቅ ማጥፊያ ወይስ ጂፒኤስ? ለጅማ አሽከርካሪ

መኪናዎን ሄርማታ መርካቶ ዳር አቁመው ለገበያ የሚገቡ ከሆነ፣ ሌባ ሞተሩን እንዳያስነሳ ነዳጁን የሚያቋርጥ ድብቅ ማጥፊያ ይሻላል። የነዳጅ ፓምፑ መስመር በ12 ቮልት፣ 30 አምፔር ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ማጥፊያው የሚገባው ሪሌዩን በሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ወፍራሙን የፓምፕ መስመር በቀጥታ በትንሽ ማጥፊያ ካሳለፉት ይግልና ይቀልጣል፤ መኪናውም ሰኮሩ ሳይደርስ ቀጥ ይላል። ከመሪው ሥር አይደብቁት፤ ሌባ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው እዚያ ነው። የድሮ ናፍጣ መኪና ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሌለው፣ ማቋረጫው የሚገጠመው ናፍጣውን በሚዘጋው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ) መስመር ላይ ነው።

ሞተሩ እየሠራ መሣሪያ ከተደቀነብዎት ግን ማጥፊያው አያድንዎትም፤ እንዲያውም መኪናው ቀጥ ቢል ዘራፊው በእርስዎ ላይ ይብሳል። እዚህ ላይ መኪናው ያለበትን ቦታ በስልክዎ የሚያሳይ ጂፒኤስ ይበልጣል። እጅዎን እያሳዩ ይውረዱ፤ ከኋላ ልጅ ካለ ወዲያው ይናገሩ፤ ከራቁ በኋላ ለፖሊስ በ991 ይደውሉ። የጂፒኤሱ ድክመት ሲም ካርዱ ነው፦ ሂሳብ ካለቀ፣ ወይም ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ ኔትወርክ ከሳሳ፣ መኪናው ከካርታው ይጠፋል።

በጂፒኤሱ በኩል በስልክ ሞተር ማጥፋት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ መኪናው እየሮጠ ግን አይሞከርም። መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ እገዛም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል፤ የሚገጨው ፊት ያለው ባጃጅ ነው። ሲያስገጥሙ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ብቻ እንዲያቋርጥ ያስተካክሉት።