ስለ ኔሮን ቄሣር የሚሸጠው የፎቶ ኮፒ ጥራዝ፦ ሳትከፍሉ ገልጣችሁ እዩት

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት የመጻሕፍት መደብሮች በአንዱ ስለ ሮማዊው ንጉሥ ኔሮን ሁለት የጥንት ሮማውያን ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ስዌቶኒየስና ታሲተስ፣ የጻፏቸው ጽሑፎች በአንድ ተጠርዘው ይሸጣሉ። የስዌቶኒየስ የኔሮን ሕይወት ሙሉው አለ፤ ከታሲተስ ዜና መዋዕል ደግሞ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መጽሐፍ ያለው ገብቷል። ሁለቱም የቆዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ናቸው። ምርጫው ድንቅ ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ችግሩ ኮፒው ላይ ነው። መጽሐፉ በደንብ ሳይዘረጋ ስለተነሳ መሀሉ ጠቁሯል፤ በአንዳንድ ገጾች የምዕራፍ ቁጥሩ ተውጧል። ታሲተስ የሚጠቀሰው በገጽ ሳይሆን በመጽሐፍና በምዕራፍ ስለሆነ ቁጥር የሌለው ቅጂ ለጥናት አይረባም። ሌላ አስወጡ፣ ደህና የወጣም አለ። ስዌቶኒየስ 57ኛው ምዕራፍ ላይ ማለቁንም አረጋግጡ።

ከሁሉ የከፋው ከፊት የገባው የአንድ ገጽ የአማርኛ መግቢያ ነው። ኔሮን በ54 ነገሠ ይላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልክ ነው። የሮምን ቃጠሎ ግን በ56 ያደርገዋል። የጁላይ 64ቱ ቃጠሎ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ንግሥናው ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ በ16 ዓመቱ የነገሠው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማዋን አነደደ ማለት ሆነ! በመሀል አማካሪዎቹ ሴኔካና ቡሩስ መንግሥቱን የመሩባቸው ዓመታት ነበሩ፤ እናቱን አግሪፒናን ያስገደለውም በአውሮፓውያኑ 59 ነው።

ሮም ስትነድ ቫዮሊን ይጫወት ነበር የሚለውም መውጣት አለበት። ቫዮሊን ያኔ አልነበረም፤ ኔሮን የሚደረድረው ኪታራ የሚባል፣ ከክራር ጋር የሚቀራረብ መሣሪያ ነበር። እሳቱን ራሱ እንዳስለኮሰ ስዌቶኒየስ (38) ያለ ጥርጥር ይጽፋል። ታሲተስ (15፥38-40) ግን ድንገተኛ ይሁን የንጉሡ ተንኮል እንዳልታወቀ ይናገራል። እሳቱ ሲነሳ ኔሮን ከሮም ውጭ፣ አንቲየም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ እንደነበረ፣ ተመልሶም የራሱን የአትክልት ቦታ ለተፈናቀሉት እንደከፈተና የእህል ዋጋ በሞዲየስ (9 ሊትር የማይሞላ ስፍር) ወደ 3 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) እንደወረደ ያስቀምጣል። ከ14ቱ የከተማዋ ክፍሎች ሳይነኩ የተረፉት 4 ብቻ ናቸው።

ጥራዙ የሚጀምረው በስዌቶኒየስ ነው፤ እናንተ ግን ከታሲተስ ጀምሩ። ስዌቶኒየስ እስከ 19ኛው ምዕራፍ የሚያስመሰግነውን፣ ከዚያ ወዲያ ነውሩን ስለሚደረድር የጊዜ ቅደም ተከተል አይጠብቅም። የክርስቲያኖችን ቅጣት 16ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ከመልካም ሥራዎቹ ጋር፣ ቃጠሎውን ሳያነሳ ያልፈዋል። ሁለቱን አያይዞ የሚተርከው ታሲተስ (15፥44) ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ኔሮን እሳቱን አስለኮሰ የሚለውን ወሬ ከራሱ ለማራቅ በክርስቲያኖች ላይ ያደረሰው ግፍ በዝርዝር አለበት።

ታሲተስ 16ኛው መጽሐፍ 35ኛው ምዕራፍ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆማል። ገጽ ጎድሏል ብላችሁ አትመልሱት፤ ይህን ክፍል ያቆየልን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የተገለበጠው ብራናም እዚያው ነው የሚቆመው። ትረካው 66 ላይ ስለሚቋረጥ የኔሮንን ውድቀት ከስዌቶኒየስ (40-49) ፈልጉ፤ የጋውል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) አመፅ፣ የሴኔቱ ውሳኔ፣ የሌሊቱ ሽሽትና በጁን 68 በ30 ዓመቱ ጉሮሮውን የወጋበት ሁሉ እዚያ አለ።

በኮላ የተጠረዘው ሲዘረጋ ከወገቡ ስለሚለቅ የስፒራሉን ውሰዱ። ስፒራሉ መግቢያውን ገንጥሎ ለማውጣትም ይመቻል።